ከበለሱ ሥር የተገኘው ገመድ

ቤታችንን ጠንቅቀን እናውቃለን የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ መጀመሪያ ይህን ስሙኝ። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። የትኛው በር ሲከፈት እንደሚያቃስት፣ የትኛው ቧንቧ እንደሚንጠባጠብ፣ ባለቤቴ ሃፍቶም ሲዋሽ የትኛውን ጆሮውን እንደሚያክ ሁሉ አውቅ ነበር። ታዲያ አማቴ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አድርገው፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሄድ እንኳ መሀል ላይ የሚያርፉት ሰውዬ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ እኔ የማላውቀውን ሥራ ሠርተው አገኘኋቸው። ያወቅሁት ደግሞ ሊሞቱብኝ ሲሉ ነው።

ስሜ የሺ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሃፍቶም በጭነት መኪና ወደኛ አገር ሲመላለስ ተዋወቅን። መንገዱ ተከፍቶ ሰው እንደ ልቡ መሄድ ሲጀምር ተጋባንና መቀሌ፣ ሓድነት ወደሚገኘው የአባቱ ቤት ገባሁ። እዚያው ሠፈር ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ከፈትኩ። ትግርኛዬ እስከ ዛሬ የደንበኞቼ መሳቂያ ነው፤ ልብሳቸውን ግን ይዘው ይመጣሉ፣ ምን ያደርጋሉ።

የባለቤቴን እናት፣ አደይ ምሕረትን፣ አልደረስኩባቸውም። ሳሎን ውስጥ ከተሰቀለው ፎቷቸው ሌላ የማውቀው፣ መብራትም ስልክም መድኃኒትም በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ በስኳር በሽታ ማረፋቸውን ብቻ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ብዙ አይወራም፤ እኔም የሰው ቁስል መነካካት አልወድም።

አማቴ አቦይ ሃይሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመብራት መስመር ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሳንባቸው እየደከመ መጣና ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ከተመላለስን በኋላ ሐኪሞቹ፣ «ኦክስጅን ካልተለያቸው ቤታቸው መኖር ይችላሉ» አሉን። በዘመድ በወዳጅ ተብሎ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን ተገኘ። ማሽኑ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ የኛ ሠፈር መብራት ደግሞ እንግዳ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ጄኔሬተር የግድ ሆነ።

ሃፍቶምና እኔ ልንገዛ የሄድንበትን ቀን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሻጩ ኪዳነ የሚባል፣ ሸጦ ቤት ድረስ መጥቶ የሚገጥም ባለሙያ ነው። ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት፣ «ምን ምን ይሠራበታል?» ብሎ ጠየቀን።

«የአባቴ ማሽን፣ አንድ ፍሪጅ፣ አምፖሎች» አለ ሃፍቶም።

«ምጣድስ?»

«ምጣዱን በከሰል እናደርገዋለን» አልኩ እኔ።

«ጥሩ። አደራ፣ ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳና ሲሠራ አንድ አይደለም። ፍሪጅ ከቆመበት ሲነሳ ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይጎትታል። የቆመ መኪና ገፍታችሁ ታውቁ የለ? እስኪነቃነቅ ነው ጭንቁ። ለናንተ ይህቺኛዋ ትበቃለች። ከሷ ቀጥሎ ያለው ትልቅ ነው፤ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም ቤንዚን ይጠጣል።»

ቤንዚን ፍለጋ መሰለፍን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይወስናል። ሃፍቶም ግን ለወጉ አባቱ ጋ ደወለ። የአቦይ ድምፅ እያረፈ፣ እየተቆራረጠ መጣ። «እቲ ዓብዪ ይኹን። ትልቁን አምጡ።»

«አቦይ፣ ትንሿ ትበቃለች እየተባለ?»

«ትልቁን» አሉ ደግመው፤ ምክንያት አልተናገሩም።

እኔና ሃፍቶም ተያይተን ሳቅን። የሽማግሌ ኩራት መሰለን። ሠፈሩ ውስጥ ጄኔሬተራቸው እንዲያጓራላቸው ፈልገው ነው ብለን ትንሿን ጭነን ተመለስን። አቦይ መስኮት ላይ ሆነው ሲወርድ አዩት፤ «ይባርኸልና፣ ይባርክልን» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሃፍቶም በዚያው ቀን አንድ ሕግ አወጣ። ሰው ስልኩን ቻርጅ ላድርግ ቢል እሺ፣ ገመድ ግን ከግቢያችን አይወጣም። ሠፈራችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ሕግ ተራ ነገር ይመስለዋል። እዚህ ግን በዚያ ክፉ ጊዜ አንዲት የፀሐይ መብራት ያለው ቤት የመንገዱ ሁሉ ቤት ነበር አሉ፤ ዱቄት ያለውም እንደዚያው፣ ጨው ያለውም እንደዚያው። ሃፍቶም ይህን ሲል አፉ እንደከበደው ታውቆኛል። «ምን ላድርግ? የአባቴ ትንፋሽ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነበር።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልንገራችሁ። አደይ ለምለም ከኛ ጋር አንድ ግንብ የሚጋሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ከልጃቸው ከሰሊና ጋር የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። ጨዋ ናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው፣ ከሰው ምንም አይለምኑም። ከኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ታዲያ ጄኔሬተሩ ከገባ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ተለወጡብኝ። በር ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ስመው አይጠግቡም። «የሺ ጓለይ፣ ልጄ፣ ዝኸበርኪ! እግዚአብሔር ማህፀንሽን ይባርክ! የሰጠ እጅሽ አይንጠፍ!» ይሉኛል። አንድ ቀን ቲማቲም፣ ሌላ ቀን ትኩስ ሕምባሻ ይልካሉ። እኔ ምን አደረግኩ? ባሕርዬ ነው የማረካቸው አልኩ። ለሃፍቶምም፣ «አየህ፣ የወሎ ልጅ ፍቅር እንዲህ ነው፤ ሳትናገር ይገባል» እያልኩ ተኩራራሁበት።

በዚያው ሰሞን ጄኔሬተሩ አልፎ አልፎ ያቃስት ጀመር። አንዳንዴ ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ራሱን ያጠፋል፤ መልሼ ሳነሳው ይሠራል። ኪዳነ ጋ ደውዬ፣ «ይበቃል ብለህ አሻንጉሊት ሸጥክልን» ብዬ ስድቤን አወረድኩበት። እሱም፣ «በነገርሽኝ ዕቃ ከሆነ ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ድርቅ አለ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ አይገርምም?

እንግዲህ ያቺ ቀን መጣች። ሚያዝያ ነው፤ ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ሃፍቶም ጭነት ይዞ ዓዲግራት ሄዷል። አቦይ ሌሊቱን ሲያስሉ ስላደሩና ፊታቸው ስላላማረኝ ስፌት ቤቱን ሳልከፍት ቀረሁ። ያ ሐሳብ ከየት እንደመጣልኝ ፈጣሪ ይወቀው። ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ወጥቼ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ፤ ማሽኑ ጉርር ማለት ጀመረ፤ አቦይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ፤ መብራት ሲቋረጥበት የሚያሰማው ጩኸት ነው። ሮጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጄኔሬተሩ ይሠራል፣ ብሬከሩ ግን ወርዷል። መለስኩት። ጄኔሬተሩ እንደታነቀ ሰው እህህ አለና ብሬከሩ እንደገና ወረደ። መለስኩት፤ ወረደ።

ወደ ውስጥ ስመለስ የአቦይ ከንፈር ቀለሙ ተለውጧል። ለክፉ ቀን ያስቀመጥናትን ትንሿን የኦክስጅን ሲሊንደር ጎትቼ ቱቦውን አዛወርኩ። የመለኪያዋ መርፌ ቀዩ ምልክት ጋ ደርሳለች። ባለፉት ቀናት መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ ትንሽ እያልን ጨርሰናታል።

«አቦይ፣ አይዞዎት! አሁን ይነሳል!» እላለሁ፤ ግን ድምፄ የኔ አይመስልም።

መናገር አቃታቸው። እጃቸውን ብቻ ወደ ጓሮው ያወዛውዛሉ። መስኮት ክፈቺ ያሉኝ መስሎኝ ከፈትኩ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቅንቀው እንደገና ወደዚያው ይጠቁማሉ። ፍሪጁን ነቀልኩ። አምፖሎቹን አጠፋሁ። ቴሌቪዥኑን፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ በሕልሜ የሚሰካውን ሳይቀር ነቀልኩ። በቤቱ ውስጥ የአቦይ ማሽን ብቻ ቀረ። ወጥቼ ብሬከሩን አነሳሁ። ወረደ!

እዚያች ላይ ክው አልኩ። ምንም ያልተሰካበት ቤት እንዴት መብራት ይበላል? ሠይጣን ነው ብዬ አማተብኩ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። ኪዳነ ጋ ደወልኩ።

«ሰውዬው ሊሞቱብኝ ነው! ሁሉንም ነቅያለሁ፣ አሁንም ይወርዳል!»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አልኩህ!»

«እንግዲያው የማታውቂው ነገር እየሳበ ነው። ጄኔሬተሩን አጥፊ። ከማከፋፈያው ሳጥን የሚወጣውን ሽቦ በዓይንሽ ተከተይ፤ እንዳትነኪው፤ ስንት መስመር እንደሚወጣ ንገሪኝ።»

አጥፍቼ ከሳጥኑ ሥር ተንበረከክሁ። እሱ የገጠመልን መስመር ወደ ቤት ይገባል። ከጀርባው ግን ሌላ ግራጫ ኬብል አየሁ። በእንጨት ክምር ተሸፍኖ፣ በግንቡ ሥር ሥር አፈር ለብሶ ይሄዳል። አፈሩን በእጄ እየጫርኩ ተከተልኩት። ከበለሱ ሥር ገባ። እሾኹ ክንዴን ወጋኝ፤ አልተሰማኝም። ከበለሱ ወጥቶ ግንቡን ተንጠላጥሎ ወደ አደይ ለምለም ግቢ ተሻገረ።

«ሌላ መስመር አለ» አልኩት። «ወደ ጎረቤት ይሄዳል።»

«አጠገቡ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖረዋል፤ ፈልጊው። አጥፊና ጄኔሬተሩን አስነሺ።»

ነበረው። ከሳጥኑ ጀርባ በወጉ የተገጠመች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ። አጠፋኋት፣ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ፣ ብሬከሩን ገፋሁ። ቆመ። ጄኔሬተሩ ጭነት እንደወረደለት ግመል ለስለስ ብሎ መሮጥ ጀመረ። ከውስጥ የማሽኑ ጉርር የሚል ድምፅ ሲመጣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ገብቼ ቱቦውን መለስኩ፤ የአቦይ ከንፈር ቀስ በቀስ ሰው መሰለ። ጭንቅላታቸውን ትራስ ላይ አስተካከልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ እኔ ግን እሳት ሆኛለሁ።

«መጣሁ» አልኩና ወጣሁ።

በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ ያልተሳደብኩት ስድብ የለም፤ በልቤ። ለካ ሕምባሻው! ለካ ቲማቲሙ! የሰው ትንፋሽ ሰርቆ ሕምባሻ መላክ! የሚገርማችሁ፣ ሌብነቱ ሳይሆን ምርቃቱ ነው የበለጠ ያንገበገበኝ። እንዴት ያለ ዓይን ቢሆን ነው ሰርቀው የመረቁኝ?

በሩን ሳላንኳኳ አደይ ለምለም ራሳቸው ከፈቱት፤ ነጠላቸውን በግንባራቸው አስረው ወደኛ እየሮጡ ነበር። ፊቴን ሲያዩ ደነገጡ።

«የሺ! አቦይ ደሓን ድዮም? ጄኔሬተራችሁ ሲያቃስት፣ ሲቆም ሰማሁ! የኛ ፍሪጅ ከጠዋት ጀምሮ ኳ ኳ እያለ አልነሳም ብሎኝ ነበር፤ በእሱ ይሆን ብዬ አሁን ነቀልኩት። በናትሽ ደሓን ናቸው በይኝ!»

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ሌባ ወደ ባለንብረቱ አይሮጥም። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱኝ፤ «ነይ እዪው፣ ነቅዬዋለሁ» ይላሉ። ጥግ ላይ አሮጌ ፍሪጅ ቆሟል። ከግንቡ የመጣው ኬብል ጫፍ መሬት ላይ ወድቋል። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

ጫፉ ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር ፕላስተር ሳየው ደርቄ ቀረሁ። አግድም እንደ ሽሩባ ወጥ ሆኖ የተጠቀለለ፣ መጨረሻው ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። ይህን እጅ አውቀዋለሁ! የካውያዬ ገመድ የተቆረጠ ጊዜ አቦይ አልጋቸው ላይ ሆነው ልክ እንዲህ ጠቅልለው ጠግነውልኛል።

«ይህን ማን ነው የሠራው?» አልኩ በሹክሹክታ።

አደይ ለምለም አዩኝ። «አቦይ እንጂ! አንቺ ልከሻቸው። ‹የሺ ናት ያስገቡላት ያለችኝ፤ ግን ሰው ፊት መመስገን አትወድም፣ አታንሺባት› አሉኝ። እኔም በምርቃት ብቻ መለስኩልሽ።»

ፍሪጁን ከፈቱት። አንድ ዕቃ ውኃ፣ ትንሽ ቲማቲም፣ በሩ ላይ ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ብልቃጦች። የሰሊና የስኳር መድኃኒት ነው። ልጅቷ የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን አንድ ግንብ እየተጋራን አላውቅም ነበር።

«በዚያ ጊዜ» አሉ አደይ ለምለም ብልቃጦቹን እያዩ፣ «መድኃኒቱ ሲጠፋ፣ ለሰሊና ትንሽ ተቀምጦላት ነበር። የምሕረት ግን አለቀ። አቦይ እዚህ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ምንም አላሉም፤ ቆሙ ብቻ። እኔም ከልጄ ላይ ቀንሼ ሰጠሁ። እስኪያልቅ ተካፈልን። ሰሊናን ጌታ አተረፈልኝ፤ ምሕረት ግን…»

እኔም እንዲጨርሱት አልፈለግኩም። አንዲት እናት ከልጇ ሕይወት ላይ ቀንሳ ለጎረቤት ስትሰጥ በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት። የመጣሁት ሌባ ልይዝ ነበር እኮ!

ስመለስ አቦይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ልራራላቸው ይገባኝ ነበር፤ ግን ድንጋጤዬ በቁጣ ወጣ።

«ሊሞቱብኝ ነበር እኮ! ለመሆኑ እንዴት አድርገው ነው የቀበሩት? ይህ ቱቦ እኮ ከበሩ አያልፍም!»

«ነቅዬው ነዋ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ፣ ትንሽ እቆፍራለሁ፤ ሲያጥረኝ እመለሳለሁ። በግንቡ ላይ ሰሊና ከማዶ ሆና ጎተተችልኝ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኔ ሱሪ ሳጠብብና ሳሰፋ፣ ሰውዬው ትንፋሻቸውን ይዘው እንደ ጠላቂ ጓሮ ሲቆፍሩ ነበር።

«ለምን አልነገሩንም? ለሃፍቶም ቢነግሩት እምቢ ይላል?»

ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉ። «ምሕረት መድኃኒቱ ከእርዳታ የመጣ ነው እያልኩ ነው የሰጠኋት። ከሕፃን ላይ መሆኑን ብታውቅ አትወስድም ነበር። ሳታውቅ ሞተች። ልጄም አያውቅም። እንዲህ ብዬ ጀምሬ እንዴት ልንገረው?»

«ታዲያ በራስዎ ትንፋሽ ይቀልዳሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ለምለም ስትሰጠን ‹ለልጄ ይበቃል ወይ› ብላ አልለካችም፣ ጓለይ። እናንተ ሱቅ ሄዳችሁ ለካችሁ።»

ትልቁን አምጡ ሲሉ፣ እኛ በኩራታቸው ስንስቅ፣ እሳቸው ያቺን አንድ ተጨማሪ ፍሪጅ ቆጥረው ነበር።

ሃፍቶም ሲመለስ ነገሩን ራሳቸው ነገሩት፤ እኔ ውጭ ቆየሁ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አካፋ አንስቶ አባቱ እንደነገሩ የቀበሩትን ኬብል አውጥቶ ጠለቅ አድርጎ መልሶ ቀበረው። ሕጉ በዚያው ቀረ። ማግስቱን ትንሿን ጭነን ኪዳነ ጋ ሄድን። ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ያወረድኩበት ስድብ ስላልተረሳው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«እሺ፣ አሁን ምን ምን ይሠራበታል?» አለ።

«የኦክስጅን ማሽን አንድ፣ ፍሪጅ ሁለት» አልኩ። «አንደኛው አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ይከብደዋል። ሁለቱ ባንድ ላይ ቢነሱም እንዳይወድቅ አድርገህ ስጠን።»

«ፍሪጅ ሁለት? ቤታችሁ ሰፋ እንዴ?»

«ድሮም ሰፊ ነበር፤ እኛ ነን ግማሹን ሳንቆጥር የመጣነው» አለው ሃፍቶም። ኪዳነ ያንኑ የአቦይን ትልቁን አወጣልን።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ጄኔሬተር ልትገዙ ከሆነ ሻጩ የሚነግራችሁን ስሙ፤ ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ የሚጎትተውን አትርሱ፣ ለአሮጌው ደግሞ ጨምሩለት፣ ከማከፋፈያችሁ ስንት መስመር እንደሚወጣ በዓይናችሁ እዩ። ግን ከዚያ በፊት ወደ ግንባችሁ ማዶ ተመልከቱና እዚያ ምን እንዳለ ጠይቁ። ከኛ ማዶ የነበረውን ባለማወቄ ሰው ሊሞትብኝ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ሰሞን ለአቦይ፣ «ለአደይ ለምለም እውነቱን ልንገራቸው፤ ባልሠራሁት ነገር ሲመርቁኝ አፍራለሁ» ብያቸው ነበር። በዚያች በምታጥር ትንፋሻቸው ሳቁብኝ።

«ምርቃቱን ቀድመሽ በልተሻል። አሁን ሥራውን ሥሪ።»

አቦይ በክረምቱ ዐረፉ፤ መብራት ባለበት ቀን፣ በእንቅልፋቸው። ማሽኑን ለሌላ በሽተኛ ሰጠነው። ጄኔሬተሩ ግን አለ። መብራት ሲሄድ አሁንም ሮጬ ወጥቼ አስነሳዋለሁ፤ መጀመሪያ የምገፋው ያችን ከሳጥኑ ጀርባ ያለችውን ማብሪያ ነው፣ የኛ ቤት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አደይ ለምለም በግንቡ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የሰጠ እጅሽ አይንጠፍ፣ የሺ!» ይሉኛል። ኬብሉን ያዘዝኩት እኔ እንዳልሆንኩ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ አማርኛም አያነቡም።

ሰሊና፣ አንቺ ግን ታነቢያለሽ፤ ገመዱን ከማዶ የጎተትሽው አንቺ ነሽና ነገሩንም ታውቂያለሽ። ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ። ገና ሠርቼ አልጨረስኩም።